መጋረጃው ሊዘጋ ሲል የሚመጣው ዘፈን

የኒውዮርኩ ብሮድዌይ ትያትር ቤቶች በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የምሽት ትርኢታቸውን የሚጀምሩት ከምሽቱ 2:30 ላይ ነበር። አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ከነዕረፍቱ ሁለት ሰዓት ተኩልና ከዚያም በላይ ስለሚወስድ፣ ታሪኩ ወደ ማብቂያው የሚቃረበው 5 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያች ሰዓት፣ ከፍጻሜው ትዕይንት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አዳራሹን በጭብጨባ የሚያናውጥ አንድ ትልቅ ዘፈን ይመጣል። የብሮድዌይ ሰዎች ስሙን ከሰዓቱ ወስደው በራሳቸው አቆጣጠር «የአሥራ አንድ ሰዓት ዘፈን» ይሉታል። ዛሬ አብዛኛው ትርኢት 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ዘፈኑም ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ ስሙ ግን እንደተተከለ ቀርቷል።

የሁለተኛው ክፍል ችግር ለየትኛውም የሙዚቃዊ ተውኔት ደራሲ እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍል ገጸ ባሕርያቱ በዘፈን ይተዋወቃሉ፣ ይፋቀራሉ፣ ይጣላሉ፤ ዜማው ሁሉ ለጆሮ አዲስ ነው። ከዕረፍት በኋላ ግን የተቋጠረው መፈታት አለበት፤ መፍቻው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ንግግር ነው። ተመልካቹ በበኩሉ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውሎ የመጣ ሰው ነው። ከከተማ ዳር የሚኖረው ባቡር እንዳያመልጠው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። ዘፈኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ሰውን ማንቃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንኛውም ጮክ ያለ ዜማ በበቃ ነበር። ዕድሜ ያገኙት ዘፈኖች ግን ከዚህ የበለጠ ያደርጋሉ፦ ምሽቱን ሙሉ ሲጠራቀም የቆየውን ስሜት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያወጡታል። ለዚህም ነው ከተውኔቱ ተነጥለው በሬዲዮ ሲሰሙ ደስ የሚያሰኙ፣ በቦታቸው ሲሰሙ ግን ሰውን የሚያስለቅሱ ወይም ከመቀመጫው የሚያስነሱ የሚሆኑት።

ደስታን የሚያፈሱት ዓይነቶች ቀዳሚ ናቸው። ፍራንክ ሌሰር ዜማውንና ግጥሙን የጻፈለት «ጋይስ ኤንድ ዶልስ» እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፍቶ 1,200 ጊዜ ታየ። በዚህ ተውኔት ማብቂያ ላይ የኒውዮርክ ቁማርተኞች በውርርድ ተሸንፈው፣ ሳይወዱ በግድ፣ ሊዘጋ በተቃረበ የወንጌል ተልእኮ ቤት ውስጥ ለጸሎት ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው ናይስሊ-ናይስሊ ጆንሰን የሚባለው ወፍራም ቁማርተኛ ምስክርነት ስጥ ሲባል የሚናገረው ያጣል፤ እዚያው ቆሞ አንድ ሕልም ይፈጥራል። ወደ ሰማይ በሚሄድ ጀልባ ላይ ዳይስ ሲጥልና ሲጠጣ ተሳፋሪው ሁሉ ጀልባውን እንዳትገለብጥብን ብሎ ይቆጣዋል። ውሸት ብሎ የጀመረው ታሪክ በዜማው መካከል እውነተኛ ምስክርነት ይሆናል፤ አፋቸውን ዘግተው የተቀመጡት ቁማርተኞችም ተነስተው እንደ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይቀበሉታል። ናይስሊ ዋና ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ የፍቅር ታሪኩም አይመለከተውም። ይሁንና ስተቢ ኬይ የተባለው የመጀመሪያው ተዋናይ በዚህ አንድ ዘፈን ስሙ ተተከለ፤ በ1955 ፊልሙ ሲሠራም ሚናው ከእጁ አልወጣም።

በ1948 የተከፈተው የኮል ፖርተር «ኪስ ሚ ኬት» ደግሞ ከዚህም የባሰ ድፍረት አለው። የቁማር ዕዳ ሊሰበስቡ ትያትር ቤት የገቡ ሁለት ወሮበሎች በስህተት መድረክ ላይ ይገኙና፣ ሴት ለማማለል ከሼክስፒር ወዲያ የለም እያሉ በተውኔቶቹ ስም ቃላት እየተጫወቱ ይዘፍናሉ። ለታሪኩ አንዲት ነገር አይጨምርም። በዘመኑ የነበረውን አሠራር ማወቅ ግን ይጠቅማል፦ ከባድ ትዕይንት ሲቀየር ከፊት መጋረጃ ይወርድና አንድ ሁለት ተዋንያን በጠባቧ የመድረክ ጠርዝ ላይ ሕዝቡን ይይዛሉ፤ ከኋላ ሠራተኞቹ ግድግዳና ደረጃ ይጎትታሉ። ብልህ ዜማ ደራሲ ያንን የግዴታ ጊዜ ወደ ድል ይለውጠዋል። ሁለቱ ወሮበሎች አንድ አንጓ ዘፍነው ይወጣሉ፣ ጭብጨባው ሲጠራቸው ሌላ አንጓ ይዘው ይመለሳሉ።

ጭብጨባው በዕድል ብቻ አይመጣም፤ ይሠራል። ዘፈኑ ብዙውን ጊዜ ዝግ ብሎ ይጀምራል፤ ኦርኬስትራው አንጓ በአንጓ ይወፍራል፤ ዜማው ከመጨረሻው በፊት አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ዘፋኙ ረጅሙን ድምፅ ሲይዝ ናሱም ከበሮውም ከሥሩ ይነሳል። ከዚያ ሁሉም በአንድ አጭር ምት ይቆረጣል። ይህ ምት ለተመልካቹ «አሁን አጨብጭብ» የሚል ምልክት ነው። ተዋናዩ ባለበት ይደርቃል፤ የኦርኬስትራው መሪ በትሩን አንስቶ የጭብጨባውን መጠን በጆሮው ይለካል፤ መብረድ ሲጀምር ቀጣዩን ሙዚቃ ያስገባል። ቀደም ብሎ ካስገባ ተመልካቹ እንደተቋረጠ ይሰማዋል፤ ከዘገየ ትዕይንቱ ይሞታል።

ይህ ምት ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ጥያቄ ትልቅ ክርክር ያስነሳው በ«ጂፕሲ» ላይ ነበር። ተውኔቱ በግንቦት 1959 ተከፈተ። ታሪኩን አርተር ሎረንትስ ጻፈው፤ ዜማው የጁል ስታይን፣ ግጥሙ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የስቲቨን ሶንድሃይም፣ ዝግጅቱ የጄሮም ሮቢንስ ነው። ሶንድሃይም ዜማውንም መጻፍ ፈልጎ ነበር፤ ዋናዋ ተዋናይት ኤተል መርመን ግን በማይታወቅ ዜማ ደራሲ እጅ አልገባም አለች። ወጣቱ ሥራውን ሊተው ሲል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማረው ኦስካር ሐመርስታይን ለታላቅ ተዋናይት መጻፍን መማሪያ አድርገው ብሎ መከረው፤ እሱም ተቀበለ።

የታሪኩ ባለቤት ሮዝ የምትባል እናት ናት። ሁለት ሴት ልጆቿን በመድረክ ታዋቂ ለማድረግ አገር ላገር ስታንከራትታቸው ትኖራለች። ታናሿ ጁን አግብታ ትጠፋለች፤ ያልተጠበቀችው ሉዊዝ ልብሷን በመድረክ ላይ እያወለቀች በምታሳየው ጨዋታ ትከብራለች። በመጨረሻ ሉዊዝ እናቷን አታስፈልጊኝም የምትልበት ሰዓት ይመጣል። ሮዝ ባዶ መድረክ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። ለዚህ ቦታ መጀመሪያ የታሰበው፣ ሮዝ በሕይወቷ ያለፉትን ሰዎች የምትገናኝበት የውዝዋዜ ትዕይንት ነበር፤ ለልምምድ ጊዜ ስላነሰ ቀረ። ሮቢንስና ሶንድሃይም አንድ ምሽት ከልምምድ በኋላ ብቻቸውን ቀሩ። ሶንድሃይም ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ከተውኔቱ ዘፈኖች ስብርባሪ እየለቀመ ሲመታ፣ ሮቢንስ ሮዝን ሆኖ መድረኩ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። «ሮዝስ ተርን»፣ የሮዝ ተራ ማለት ነው፣ የተወለደው እንዲህ ነው። ተመልካቹ ምሽቱን ሙሉ በደስታ ሲሰማቸው የቆዩት ዜማዎች ተሰባብረውና ተጣመው ይመለሳሉ። ሮዝ በሌለ ሕዝብ ፊት የልጇን የማውለቅ ጨዋታ ትጫወታለች፤ «እናት» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ አንደበቷ ይያዛል፣ ትንተባተባለች። ያ ሁሉ ልፋት ለልጆቿ እንዳልነበር፣ የራሷን ያልተሳካ ምኞት በእነሱ ላይ ስትጭን እንደኖረች ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ትናገራለች። አንድ ሰው ራሱን በዜማ ሲያፈርስና ሲሠራ ከዚህ በተሻለ ያሳየ የመድረክ ዘፈን ማግኘት ይከብዳል።

ሶንድሃይም ይህን ዘፈን በጭብጨባ ምት መዝጋት ውሸት ነው ብሎ ያምን ነበር። አእምሮዋ የተናጋ ሴት ላይ ማን ያጨበጭባል? ስለዚህ ዘፈኑ በፊላደልፊያ በታየው የሙከራ ትርኢት ላይ በቀጫጭን የቫዮሊን ድምፅ እየሰለለ ያልቅ ነበር። ሐመርስታይን መጥቶ አየው። ፍርዱም ይህ ነበር፦ ሕዝቡ ለመርመን ሊያጨበጭብ እጁን አዘጋጅቶ ሳለ ፈቃድ ተነፈገው፤ ስለዚህ ተውኔቱ ሁሉ ሲደርስበት የነበረውን የእናትና የልጅ የመጨረሻ ንግግር አይሰማም፤ በልቡ ገና ጭብጨባውን እየፈለገ ነው። ሶንድሃይም ቅር ቢለውም ምክሩን ተቀበለ፤ ዘፈኑ ሙሉ ማሳረጊያ ተጨመረለት። ያለ ማይክሮፎን የኋላውን ወንበር የምትሞላው መርመን ጭብጨባውን አገኘች፤ ከዚያም ሕዝቡ ዝም ብሎ ንግግሩን አዳመጠ።

መፍትሔው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ሌላ ገጽታ አገኘ። በ1973 ለንደን ላይ አንጄላ ላንስበሪ ሮዝን ስትጫወት አዘጋጁ ሎረንትስ ራሱ ነበር። ዘፈኑ ያልቃል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ላንስበሪ እጅ ትነሳለች። ጭብጨባው ይበርዳል፤ እሷ ግን እጅ መንሳቷን አታቆምም። በጸጥታው ውስጥ ደግማ ደጋግማ ትሰግዳለች። ያኔ ነው ተመልካቹ ጭብጨባው የሮዝ ቅዠት እንደነበርና ራሱም የዚያ ቅዠት አካል እንደሆነ የሚገባው። የሐመርስታይን ጭብጨባም የሶንድሃይም እውነትም በአንድ ጊዜ ተገኙ። ላንስበሪ በ1975፣ ታይን ዴሊ በ1990፣ ፓቲ ሉፖን በ2008 በዚህ ሚና የቶኒ ሽልማት ወስደዋል፤ በ2024 ማብቂያ ላይ ደግሞ ሚናውን ኦድራ ማክዶናልድ ተረከበችው።

ሶንድሃይም ከ«ጂፕሲ» በኋላ ዜማውንም በራሱ እየጻፈ ወደዚሁ ቦታ ደጋግሞ ተመልሷል። በ1970ው «ካምፓኒ» ማብቂያ ላይ፣ ባለትዳር ጓደኞቹን ሲታዘብ የኖረ ቦቢ የሚባል ላጤ ስለ ትዳር ምን እንደሚያስብ መናገር ነበረበት። መጀመሪያ የተጻፈለት ዘፈን በቦስተን ሙከራ ላይ ሲሰማ እጅግ የመረረ ሆነ፤ አዘጋጁ ሃል ፕሪንስ እንዲቀየር ጠየቀ። የተተካው «ቢይንግ አላይቭ» ነው። ቦቢ ሰው ሲጠጋህ ነጻነትህን ይነጥቅሃል እያለ ማማረር ይጀምራል፤ ጓደኞቹ ከየአቅጣጫው ይገፋፉታል፤ ያው የምሬት ዝርዝር መሐል ላይ ይገለበጥና ልመና ይሆናል። ሰውየው ከመጀመሪያው አንጓ እስከ መጨረሻው ሲለወጥ ይሰማል።

ድምፅ ዝቅ ተደርጎም ይህን ሥራ መሥራት ይቻላል፤ ይህን ደግሞ በ1973 በተከፈተው «ኤ ሊትል ናይት ሚዩዚክ» አሳየ። ዴዚሬ የምትባለው ተዋናይት የድሮ ፍቅረኛዋ ወጣት ሚስቱን ትቶ እንዲመጣ ትጠይቀዋለች፤ እምቢ ይላታል። ሶንድሃይም እምቢ ያለው ሰው ይዘፍናል ብሎ አስቦ ነበር። ፕሪንስ ግን ትዕይንቱን ለሴትየዋ በሚያደላ መንገድ አዘጋጅቶ አሳየው፤ ሶንድሃይምም ልምምዱ ወደ ማብቃቱ ተቃርቦ ሳለ «ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ»ን ጻፈ። ሚናውን የያዘችው ግሊኒስ ጆንስ ጭስ የመሰለ ልዩ ድምፅ ነበራት፤ ረጅም ድምፅ የመያዝ አቅም ግን አልነበራትም። ስለዚህ መስመሮቹ አጫጭር፣ ብዙዎቹም ቶሎ የሚቆረጡ ጥያቄዎች ሆኑ። ያ ትንፋሽ ማጠር ከተጠቃች ሴት ኩራት ጋር ተዋሐደ። ትልቅ ድምፅ ያላቸው ዘፋኞች ሲዘፍኑት ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው።

ለንደን በ1981 ያየችው የአንድሪው ሎይድ ዌበር «ካትስ» በሌላ መንገድ ሄደ። ታሪኩ ስስ ነው፤ ድመቶች እየተፈራረቁ ይዘፍናሉ። ከመንጋው የተገለለችው አሮጊት ድመት ግሪዛቤላ ግን በመጀመሪያው ክፍል «ሜሞሪ»ን በጥቂቱ ብቻ ነክታ ትወጣለች። ተመልካቹ ዜማውን ቀምሶ ስለተነጠቀ ሙሉውን ሲጠብቅ ያመሻል፤ በማብቂያው ላይ ሲመጣ ዜማው ወደ ላይ ዘሎ ይፈነዳል። ሚናው የጁዲ ዴንች ነበር፤ በልምምድ ላይ የተረከዝ ጅማቷ ተጎድቶ ስትወጣ ኢሌን ፔጅ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ተተካች። ዘፈኑም የእሷ መታወቂያ ሆኖ ቀረ።

በዚህ ክፍለ ዘመን ከተጻፉት መካከል ከ«ሮዝስ ተርን» ጎን ሊቆም የሚችለው የጃኒን ተሶሪና የቶኒ ኩሽነር «ካሮላይን ኦር ቼንጅ» ውስጥ ያለው ነው። ዘመኑ 1963፣ ቦታው ሉዊዚያና ነው። ካሮላይን በነጮች ቤት ልብስ አጣቢ የሆነች ጥቁር እናት ናት፤ ምሽቱን ሙሉ በዝምታ ውስጥ ያመቀችውን ቁጣ በመጨረሻ በጸሎት ታወጣዋለች። ጸሎቱ አስደንጋጭ ነው፦ ተስፋ ማድረግን ከውስጧ እንዲያጠፋላት እግዚአብሔርን ትለምናለች። በ2004 ብሮድዌይ ላይ ቶንያ ፒንክንስ ስትዘፍነው የተቃወሰው ዜማ ከስብከት ወደ ብሉዝ፣ ከብሉዝ ወደ ጩኸት ይሸጋገር ነበር። ሮዝ የተጠማችው የሰው ጭብጨባ ነበር፤ ካሮላይን የምትለምነው ምኞቷ እንዲተዋት ነው። በ2016 የተከፈተው «ዌይትረስ» ውስጥ ደግሞ ሣራ ባሬሊስ ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ ለጄና የጻፈችው ዘፈን የሚመጣው፣ ጨካኝ ባሏ ለማምለጫ በድብቅ ያጠራቀመችውን ገንዘብ አግኝቶ ከነጠቃት በኋላ ነው። ያ ቅሚያ ሳይታይ ዘፈኑ ብቻውን ግማሽ ነው።

ለተዋንያኑ ፈተናው አካላዊም ነው። በምሽቱ እጅግ ከባዱ ዜማ የሚጠየቀው ሁለት ሰዓት ያህል ከተዘፈነ፣ ከተጨፈረና ከተጮኸ በኋላ ነው፤ በብሮድዌይ ልማድ ደግሞ ትርኢቱ በሳምንት ስምንት ጊዜ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ደራሲ ከትልቁ ዘፈን በፊት ዘፋኟን ለጥቂት ደቂቃ ከመድረክ ያስወጣታል፣ ወይም ትዕይንቱን በንግግር ያሳርፍላታል፤ ውኃ የምትጠጣበት፣ ትንፋሽ የምትሰበስብበት ጊዜ ነው። ዘፋኟም በመጀመሪያው ክፍል ድምፅዋን ቆጥባ መጠቀም ትማራለች። ሚናው ከአንድ ሰው ጉሮሮ በላይ ሲሆን ሥራው ይከፈላል። በ1979 «ኤቪታ» ብሮድዌይ ሲገባ ፓቲ ሉፖን ምሽቶቹን ስትዘፍን፣ የቀን ትርኢቶቹን ሌላ ተዋናይት ትሸፍን ነበር።