ፍሬ ሁሉ ፍሬ አይደለም፦ ስለ ኮካቲየልና ፍራፍሬ ተረትና እውነታ

ዱባይ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ አንድ ማለዳ ፎቶ ላከችልኝ። የወፍ ኬጅ ወለል ላይ የተነጠፈ ጋዜጣ ነው፤ መሐሉ በውሃ ርሷል። ወዲያው ድምፅዋ ተከተለ፦ «ተቅማጥ ይዟታል፤ ልትሞትብኝ ነው!» ወፏ ኮካቲየል ናት፤ ግራጫ ላባ፣ ቢጫ ፊት፣ ጉንጯ ላይ ብርቱካናማ ክብ፣ አናቷ ላይ እንደ ሕፃን ቁንጮ የቆመ ላባ ያላት። ማታ ምን እንደበላች ጠየቅኩ። «ሐብሐብ። ሙቀቱ ከብዷት ነበርና እስክትጠግብ ሰጠኋት።»

ተቅማጥ አልነበረም። የወፍ ኩስ ሦስት ነገር ነው፦ ጠንከር ያለው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ክፍል፣ ነጩና ውሃው። ነጩና ውሃው ሽንቷ ነው፤ ወፍ ሁሉንም በአንድ በር ታስወጣለች። ሐብሐብ ከሞላ ጎደል ውሃ ስለሆነ፣ የበላች ወፍ ውሃው ቢበዛባት አያስደንቅም። ጠንካራው ክፍል ቅርጹን ይዞ ከቆየ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይስተካከላል። ተቅማጥ የሚባለው እሱ ራሱ ሲሟሟ ነው። ያን ጊዜ፣ ወይም ፍራፍሬው ከቀረ በኋላም ርጥበቱ ከቀጠለ፣ ወይም ወፏ ላባዋን ነፍታ ኬጁ ወለል ላይ ከተቀመጠች ግን ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። ወፍ ሕመሟን እስከቻለች ድረስ ትደብቃለች፤ ሲታይባት ብዙ ጊዜ ቆይቶባታል።

ከዚያች ማለዳ ወዲህ ወፍ የሚያሳድጉ ሰዎች ሲያወሩ ጆሮዬን እሰጣለሁ። አብዛኛው ስሕተት የሚጀምረው ከአንድ ቃል ይመስለኛል፤ «ፍሬ» ከምንለው። በአማርኛ የማሽላውም ቅንጣት ፍሬ ነው፣ ማንጎውም ፍሬ ነው፣ ፖሙ ውስጥ ያለችው ጥቁር ነገርም ፍሬ ናት። ለኮካቲየል ግን ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ እንጀራዋ፣ አንዱ ከረሜላዋ፣ አንዱ መርዟ።

«በቀቀን አይደለች? ኑሮዋ ፍራፍሬ ነው»

አይደለም። ኮካቲየል የአውስትራሊያ ደረቅ መሐል አገር ወፍ ናት። (ሳይንሳዊ ስሟ ላይ ያለው «ሆላንዲከስ» ሆላንድን የሚያስታውሳቸው አሉ፤ አውስትራሊያ ድሮ «ኒው ሆላንድ» ትባል ስለነበር ነው።) በመንጋ እየተንቀሳቀሰች ውሃ ያለበትን ትከተላለች፤ መሬት ላይ ወርዳም የሣር ዘር ትለቅማለች። የማሽላና የሱፍ ማሳ ላይ ስለምታርፍም ገበሬው ደስ ብሎት አያያትም፤ ጠባይዋ ከእኛ ግሪሳ ብዙ አይርቅም። ፍራፍሬ በል በቀቀን ለማየት ከፈለግን ሩቅ መሄድ የለብንም፤ በኢትዮጵያ ደጋ፣ አዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ጭምር የምትታየው ጥቁር ክንፍ ያላት አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን የሾላና የጥድ ፍሬ ትበላለች። ሁለቱም በቀቀን ይባላሉ እንጂ ገበታቸው ለየቅል ነው።

ታዲያ ለምን ፍራፍሬ እንሰጣታለን? ኬጅ ውስጥ የምታገኘው የደረቀ የዘር ድብልቅ የአገሯን ሜዳ አይተካምና። ሜዳው ላይ ብዙ ዓይነት ዘር፣ ያልደረቀ እሸት፣ ረጅም በረራ አለ። በደረቅ ዘር ብቻ፣ ይልቁንም ቅባት በበዛበት ሱፍ የኖረች ኮካቲየል ትወፍራለች፤ ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየምም ያጥራታል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ፔሌት የሚባለውን የተዘጋጀ መኖ መሠረት አድርጉ፣ ዘሩን ቀንሱ፣ አትክልት ጨምሩ የሚሉት። ፍራፍሬው ከዕለት ምግቧ ከአሥር እጅ አንዱን ባያልፍ ይመረጣል። ቫይታሚን ኤውንም ከፖም ወይም ከወይን ይልቅ ካሮት፣ የበሰለ ስኳር ድንች፣ ጎመንና ቀይ ቃሪያ በተሻለ ይሰጧታል፤ ከፍራፍሬ ወገን ማንጎና ፓፓያ ይሻላሉ። ቃሪያው ያቃጥላታል ብሎ የሚሳሳ ሰው አይጨነቅ፦ ወፎች የቃሪያን ማቃጠል አይሰሙትም።

«ለጤና ነውና ቢበዛ አይጎዳም»

እዚህ ላይ ሒሳብ ይርዳን። ኮካቲየል ከ80 እስከ 100 ግራም ትመዝናለች፤ እጅ ላይ ስታርፍ ከሁለት እንቁላል ብዙ አትከብድም። አንድ ትልቅ የወይን ፍሬ 5 ግራም ቢሆን፣ 90 ግራም ለምትመዝን ወፍ ያ ማለት 60 ኪሎ ሰው በአንድ መቀመጫ ከ3 ኪሎ በላይ ወይን በላ ማለት ነው። ስኳሩም ውሃውም ሆዷን ይሞላና ለዋናው መኖ ቦታ አይተርፍም። የጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ በቂ ናት፣ ያውም በየቀኑ ባይሆን። የደረቀ ፍራፍሬ ስኳሩ የተጠራቀመበት ነው፤ የታሸገው ደግሞ ሽሮፕ ውስጥ የተነከረ ነው፤ ሁለቱም ይቅሩባት።

ወይን ስል አንዳንዱ ይደነግጣል፤ ውሻን እንደሚመርዝ ሰምቷል። እውነት ነው፣ ለውሻ መርዝ ነው። ኮካቲየል ግን ላባ ያላት ውሻ አይደለችም። ታጥቦ ተቆርጦ ከተሰጣት ወይን አይጎዳትም። ሮማንም፣ ሙዝም፣ ዘይቱንም እንዲሁ።

ብርቱካንስ? ስለሱ ሁለት ተረት አለ፤ እርስ በርሳቸውም ይጣላሉ። አንደኛው «አሲዱ ይገድላታል» ይላል፤ አይገድላትም፣ ትንሽ ቁራጭ ችግር የለውም። ሁለተኛው «ለቫይታሚን ሲ ግድ ነው» ይላል፤ በቀቀኖች ግን እንደ እኛ አይደሉም፣ ቫይታሚን ሲን ሰውነታቸው ራሱ ይሠራዋል። ጉንፋን የያዛት መስሎት ብርቱካን የሚጨምቅላት ሰው ልፋቱ በከንቱ ነው።

«ትንሽ አቮካዶ ምን ያደርጋታል?»

ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው፣ ምክንያቱም በእኛ ቤት አቮካዶ የማይጠረጠር ምግብ ነው። ለሕፃን በማንኪያ እንሰጠዋለን፤ ጭማቂ ቤት ገብተን ስፕሪስ ስናዝ አረንጓዴው ድርብርብ እሱ ነው። ለወፍ ግን መርዝ ነው። ፐርሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ በቅጠሉ፣ በልጣጩ፣ በፍሬው፣ በምንበላው ሥጋውም። የወፍን የልብ ጡንቻ ይጎዳል፤ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ትደክማለች፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ልትሞት ትችላለች። «የእኔዋ በልታ ምንም አልሆነችም» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ውሸቱን ላይሆን ይችላል። የመርዙ መጠን እንደ አቮካዶው ዝርያ ይለያያል፤ የትኛው እጁ ላይ እንዳለ ግን ማንም በዓይኑ አይለይም። መብሰሉም አያድንም። አቮካዶ የቆረጠ ቢላና መክተፊያ እንኳ ሳይታጠብ የወፏን ምግብ አይንካ።

በልታ ከተገኘች ደግሞ ሌላ ተረት ይጠብቃታል፦ ወተት። መርዝ ጠጣ ለተባለ ሰው ወተት ማጠጣት የቆየ ልማዳችን ነው። ወፍ ግን አጥቢ አይደለችም፤ የወተትን ስኳር የሚፈጭ ኢንዛይም የላትም። መርዙን አያረክስላትም፣ ሌላ ጣጣ ይጨምርባታል። ምን እንደበላች፣ ስንት እንደበላች፣ መቼ እንደበላች ይዞ ምልክት ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሄድ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

የፖም ጉዳይ ለየት ይላል። ሥጋው ደህና ነው፤ ፍሬው ግን አሚግዳሊን አለበት፣ ሲፈጭም ሳያናይድ ይወጣዋል። በኮክ፣ በፕሪም፣ በቼሪና በአፕሪኮት ድንጋይ ውስጥ ያለውም እንዲሁ ነው። አንዲት ፍሬ አምልጣት ብትበላ ወዲያው ትሞታለች ማለት አይደለም። ነገር ግን ሰው የፖም ፍሬ ሳያኝክ ቢውጥ ሳይፈጭ ሊያልፍ ይችላል፤ የኮካቲየል ምንቃር ደግሞ ሥራው ዘር መሰባበር ነው። ስለዚህ መሐሉን አውጥቶ መስጠት ነው።

ቡናም ፍሬ ነው፣ ካነሳነው አይቀር። ቡና ሲፈላ ትከሻ ላይ ያረፈች ወፍ ስኒው ጠርዝ ላይ ወርዳ ስትጎነጭ ቤቱ ይስቃል፤ ካፌይን ግን የዚያች ትንሽ ልብ ጠላት ነው። የእጣኑ ጭስም ለሳንባዋ አይሆንም፤ ቡናው እስኪያበቃ ሌላ ክፍል ብትቆይ ይሻላታል።

«ካልወደደችው ትተወው»

ብዙ ሰው ሁለት ቀን ሞክሮ ይተዋል። ኮካቲየል የማታውቀውን ነገር ትፈራለች፤ አዲስ ቀለም ያለው ቁራጭ ምግብ ሳይሆን ጠላት ሊመስላት ይችላል። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ዘሩን ነፍጎ ማስራብ ግን አደገኛ ነው፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ወፍ ረሃብ አትችልም። ቁራጩን የኬጁ ሽቦ ላይ መሰካት፣ ጠዋት ስትርብ ማቅረብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊቷ መብላት ይረዳል፤ የመንጋ ወፍ ስለሆነች ሌላው የሚበላውን ታምናለች። ፍራፍሬው በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፣ ውሃ መጠጫዋ ውስጥ አይግባ፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይም ኬጅ ውስጥ አይቆይ፤ በሙቀት አገር ከዚያም ያነሰ።

የአክስቴ ልጅ ለዘጠኝ ቀን ፖም ሰቅላ ወፏ ዞር ብላ አላየችውም። በአሥረኛው ቀን ደወለች፦ «ራሴ ስገምጥ አይታ መጣች! ከእጄ ቀምታ በላች!»

«ፍሬውንስ?» አልኳት።

«የቱን ፍሬ?» አለች፤ ወዲያው ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥና ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ።