የውሸት ገንዘብ፣ የእውነት ዋጋ

የናይሮቢው ጊጊሪ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰፊ ግቢና የኤምባሲዎች አጥር ነው። እዚያ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጃቸው «ዘንድሮ ትሬዲንግ እንማራለን» ቢላቸው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ናይሮቢ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች አሉ። አንደኛው መምህር፣ ፈተናና ውጤት ያለው ትምህርት ነው። ሌላው ዶርም አልጋ ላይ ተጋድሞ በስልክ የውጭ ምንዛሪ መቆመር ነው። የማስተዋውቀው የመጀመሪያውን ቢሆንም ሁለተኛውን ሳይነኩ ማለፍ አይቻልም።

ከጊጊሪ በሊሙሩ መንገድ ወደ ከተማው ወርዶ ዌስትላንድስ የደረሰ ሰው የናይሮቢ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያን ያገኛል። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ተማሪዎች የሚማሩበት የታችኛው ካቤቴ ግቢም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ማዳራካ ያለው ስትራዝሞር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ የሚባል የዲግሪ ፕሮግራም አለው። ገበያው ራሱም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለወጣቶች ውድድር ያዘጋጃል፤ ተወዳዳሪው የውሸት ገንዘብ ይሰጠውና በእውነተኛው የገበያ ዋጋ ይገዛል፣ ይሸጣል።

ተማሪው ወደዚህ ትምህርት የሚገባው ነገ የሚወጣውን ዋጋ የሚነግረው ቀመር አገኛለሁ ብሎ ነው። መጀመሪያ የሚጠብቀው ግን ሥርዓቱ ነው። ገበያው ከጠዋቱ 3፡30 እስከ ቀኑ 9፡00 ይሠራል (ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ ሐበሻው ተማሪ እዚህ ላይ አይደናገርም)። አንድ አክሲዮን በአንድ ቀን ከ10 በመቶ በላይ እንዲወጣ ወይም እንዲወርድ አይፈቀድም። የተሸጠው አክሲዮን ገንዘብ የሚገባው በ3ኛው የሥራ ቀን ነው። የደላላው ኮሚሽንና ሌሎች ክፍያዎች ተደምረው ወደ 2 በመቶ ይጠጋሉ፤ ገዝቶ መልሶ ለሸጠ ሰው 4 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በየቀኑ ልገላብጥ ብሎ የመጣ ተማሪ ይህን ስሌት በራሱ እጅ ሲሠራው ዕቅዱ ገና ሳይጀመር ያልቅበታል።

ከዚያ ትዕዛዝ አለመሙላት የሚባለው ነገር ይመጣል። ተማሪው ሰሌዳው ላይ ያየውን ዋጋ ጽፎ ያዛል፤ ይጠብቃል፤ አይሞላለትም። ያየው ዋጋ የመጨረሻው ሽያጭ የተፈጸመበት እንጂ አሁን ሻጭ የቆመበት አይደለም። በግ ተራ ቢሆን በጉ ከነባለቤቱ ፊቱ ቆሞ ያየው ነበር፤ እዚህ ግን ሻጭ መኖር አለመኖሩን ከትዕዛዝ መዝገቡ ማንበብ መልመድ አለበት። ናይሮቢ ላይ ከተመዘገቡት 60 ገደማ ኩባንያዎች መካከል በየቀኑ በብዛት የሚገበያዩት ጥቂቶች ናቸው። ተማሪዎች ወደ ቴሌኮም ኩባንያው ሳፋሪኮም የሚያጋድሉትም ለዚህ ነው፤ እሱን የሚገዛም የሚሸጥም አይጠፋም።

ሳፋሪኮም ራሱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት የኩባንያውን 25 በመቶ ድርሻ፣ 10 ቢሊዮን አክሲዮን፣ በ5 ሺሊንግ ለሕዝብ ሲያቀርብ ሰው ተበድሮ ጭምር ተሰለፈ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የኤሌክትሪክ አመንጪው ኩባንያ የኬንጄን አክሲዮን በ11.90 ተሽጦ ገበያ ላይ ከእጥፍ በላይ ሲወጣ አይተዋልና። የሳፋሪኮም ዋጋ ግን ብዙ ሳይቆይ ከ5 ሺሊንግ በታች ወረደ፤ እዚያ ለመመለስም ዓመታት ፈጀበት። በዚያው በ2008 ንያጋ የተባለው የአክሲዮን ደላላ ድርጅት በተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ሞግዚትነት ሥር ገባ፤ የዋጋ መውረድ ብቻ ሳይሆን ገንዘብህን የያዘው ሰው መውደቅም አደጋ መሆኑን ደንበኞቹ ያኔ አወቁ።

በተማሪዎች ላይ የተሠራ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ፤ ትሬዲንግ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያስተምር ከእሱ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1988 ቬርነን ስሚዝና ሁለት ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ነው። ተማሪዎቹ የሚገበያዩት ሰነድ 15 ዙር ብቻ ይኖራል፤ በየዙሩ በአማካይ 24 ሳንቲም ይከፍላል፤ ከዚያ ዋጋ ቢስ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ 3 ዶላር ከ60 ያወጣል፤ በየዙሩ 24 ሳንቲም ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ለተማሪዎቹ ተነግሯቸዋል። ሆኖም ዋጋውን ከልኩ በላይ ሰቀሉት፤ ማብቂያው ሲቃረብ ተንኮታኮተ። ያው ቡድን ተመልሶ ደጋግሞ ሲገበያይ ግን ዕብጠቱ እየጠፋ ሄደ። ሒሳቡን ማወቁ አላዳናቸውም፤ ልካቸውን ያሳያቸው አንድ ላይ ሆነው መክሰራቸው ነው። ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ኖቤል ተሸልሟል።

ገበያው በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚህ ይነሳል። አሸናፊው በመጨረሻው ቀን ትልቁን ትርፍ ያሳየ ከሆነ፣ ብልጡ ስልት ገንዘብን ሁሉ አንድ አክሲዮን ላይ መጣል ነው፤ ቢከስር ገንዘቡ የውሸት ነው፣ ቢቀናው ይሸለማል። ክፍል ውስጥ «አከፋፍለህ ያዝ» የተባለ ልጅ ውድድሩ ላይ ተቃራኒውን ይለማመዳል። መምህሩ ማረም ያለበት ትርፉን ሳይሆን የግብይት ማስታወሻውን ነው፤ ለምን ገዛህ፣ ስንት ብትከስር ትወጣ ነበር፣ ያልከውን አደረግህ ወይ?

ያ የውድድር ጠባይ ወደ ስልኩ ሲዛወር ገንዘቡ የእውነት ይሆናል። የኬንያ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ የኦንላይን ፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ግብይት) ፈቃድ ሰጠ፤ በኤምፔሳ ጥቂት ሺሊንግ አስገብቶ፣ በተውሶ ገንዘብ አብዝቶ መወራረድ ቀላል ነው። የዕለት ተዕለት ግብይት ውጤት ግን ሌላ አገር ተጠንቷል። ከ300 ቀን በላይ በየዕለቱ የተገበያዩ ብራዚላውያን ሲጠኑ 97 በመቶው ከስረው ተገኝተዋል። ለልጅ «ተው» ከማለት ይህን ቁጥር አስቀምጦ ሒሳቡን እንዲሠራ ማድረግ ይሻላል።

ይህ ትምህርት ለአዲስ አበባም እየቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት የተጀመረው የአክሲዮን ግብይት በአብዮቱ ተቋርጦ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተመረቀው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከባለድርሻዎቹ አንዱ መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የፋይናንስ ልማት ድርጅት ኤፍኤስዲ አፍሪካ ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ሲሆን፣ ገዳ ባንክ ተከተለው። ሰሌዳው ላይ ያሉት ጥቂት እስከሆኑ ድረስ የአዲስ አበባው ተማሪ ትዕዛዙ እስኪሞላ የሚጠብቀው ከናይሮቢው የበለጠ ይሆናል።