ካንሰርን በረሃብ መግደል ይቻላል?

ለመሆኑ አባትህ ሌሊት ስንቴ ለሽንት እንደሚነሳ ታውቃለህ? አንቺስ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? የኛ አባቶች ከወገብ በታች ያለውን ሕመም ደብቀው ነው የሚኖሩት።

ባህር ዳር የሚሠራ አንድ የደቅ ልጅ ያጫወተኝ ይኼንኑ ነው። አባቱ የፕሮስቴት ካንሰር (ከፊኛ ሥር ያለች የወንድ ዕጢ ካንሰር) እንዳለባቸው የታወቀው ወገባቸውን አሟቸው ጀልባ ላይ መውጣት ካቃታቸው በኋላ ነው። የሆርሞን መርፌ ጀመሩ፤ ተሻላቸው። ቆይቶ ሕመሙ ተመለሰ። ጎረቤት ደግሞ «ካንሰር የሚበላው ስኳር ነው፤ ማሩንም እንጀራውንም ከልክላቸው» ይላል። «ምን ይሻለኛል?» አለኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አንብቤ የገባኝን ግን ላካፍላችሁ።

ቻርለስ ሀጊንስ የተባለ ሐኪም ይህ ካንሰር በወንድ ሆርሞን እንደሚያድግ በ1941 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ በ1966 ኖቤል ተሸለመ። መርፌው ያንን ሆርሞን ያደርቃል። ካንሰሩ ግን ዝም ብሎ አይሞትም። አንዳንዱ ሆርሞኑን ራሱ መሥራት ይጀምራል፤ አንዳንዱ አመጋገቡን ይለውጣል። «መድኃኒቱን ለመደው» የሚባለው ይኼኔ ነው።

ስኳሩስ? እናንተዬ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ሲጀምር እንደ ብዙዎቹ ካንሰሮች ስኳር ወዳድ አይደለም፤ ይበልጥ ስብ ነው የሚጠቀመው፣ ስቡንም ራሱ ይሠራል። ስኳር የሚያበዛው ሲብስበት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ስብ የሚሠራበትን መንገድ ዘግተው የሆርሞኑን መድኃኒት እንደገና እንዲሠራ ለማድረግ እየሞከሩ ነው። ገና ምርምር ነው። ደግሞም ሊዘጉ የሚፈልጉት የካንሰሩን ማጀት እንጂ የአባትህን ሌማት አይደለም! ማር ብትከለክላቸውም ጉበታቸው ስኳር ይሠራል። የሚከሱት እሳቸው ናቸው፤ መርፌው እንደሆነ አጥንትና ጡንቻ ያሳሳል።

ምክሬ ይኼ ነው፦ በደንብ ይብሉ። ወደ ሐኪማቸው ይመለሱ፤ ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ይታይ። መርፌው ሲለመድ የሚሰጡ እንደ አቢራቴሮንና ዶሴታክሴል ያሉ መድኃኒቶች ስላሉ ይጠይቁ። ናርጋ ሥላሴ ይሳሉ፣ ጸሎቱም ይቀጥል፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። እግራቸው ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካላቸው «ጀልባው ነገ ይደርሳል» አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

አንተም ወንድሜ፣ አባትህ ከታመመ አንተም ከሌላው ይበልጥ ትጋለጣለህና አርባዎቹን ስታጋምስ ሐኪም አማክር። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ አባትህን ጠይቀው። ቢቆጣህም ጠይቀው።