ከወለድ ነፃ ነው ማለት ከመዝገብ ነፃ ነው ማለት አይደለም



ከወለድ ነፃ ባንክ በተነሳ ቁጥር ዶርም ውስጥ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፦ «ወለድ ስለሌለው ብዘገይም ምንም አይደርስብኝም።» ወለድ አለመኖሩ እውነት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። «ምንም አይደርስብኝም» የሚለው ግን ስህተት ነው። ከምረቃ በኋላ ሥራ ለመጀመር ላሰብን ልጆች ደግሞ ዋጋው ከባድ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሁለት ተመራቂዎች ቃሊቲ ላይ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ለመክፈት አሰቡ እንበል። ባንኩ የብየዳ ማሽንና መቁረጫ በ100,000 ብር ገዝቶ፣ በእጁ ካደረገ በኋላ፣ በ120,000 ብር ይሸጥላቸዋል። በየወሩ 5,000 ብር እየከፈሉ በ24 ወር ይጨርሳሉ። ይህ ሙራበሐ ነው። ዋጋው ውሉ ሲፈረም ስለተቆረጠ፣ ቢዘገዩም ባንኩ ለራሱ ትርፍ አይጨምርበትም። በአንዳንድ ውሎች ሆን ብሎ የዘገየ ደንበኛ ለበጎ አድራጎት የሚውል ገንዘብ እንዲከፍል ይደረጋል፤ እሱም ቢሆን የባንኩ ገቢ አይሆንም።

ነገር ግን ሙራበሐም ዕዳ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክም ሆነ ሌሎቹ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር ናቸው። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ባንኮች የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ወደዚህ ማዕከል ይልካሉ፤ አዲስ ጠያቂ ሲመጣም ከዚያው ያያሉ። ተበዳሪው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ስለሚታወቅ ስልክ መቀየር ወይም ሌላ ባንክ መሄድ ታሪኩን አያጠፋውም።

ይህን በእቁብ ብናስበው ይቀለናል። የእቁብ ዳኛ ማን በሰዓቱ እንደሚጥል፣ ማን እንደሚያስለምን ያውቃል። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው መክፈል ካቆመ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ሌላ እቁብ አያስገባውም። የብድር ሪፖርት ይህንኑ የሚያደርገው በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው።

መዘግየት ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ጥቂት ቀን የዘገየና ወራት የቆየ አንድ ዓይነት አይታዩም። ለአጭርና ለመካከለኛ ጊዜ ብድሮች 90 ቀን ትልቅ ወሰን ነው፤ ከዚያ ያለፈ ዕዳ ጤናማ ያልሆነ ተብሎ ይመደባል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ሌላ ባንክ ቢሄድ የመከልከል ዕድሉ ሰፊ ነው። ዋስ የሆነለት ወንድም ካለም ባንኩ ወደ እሱ ይዞራል። በሌላውም ዓለም አሠራሩ ተቀራራቢ ነው፤ በአሜሪካ 30 ቀን የዘገየ ክፍያ ሪፖርት ላይ ከገባ እስከ 7 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሸሪዓችን የተቸገረንና እያለው የሚያጓትትን ለይቶ ያያል። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 280 ላይ ለተቸገረ ባለዕዳ እስኪቀለው ጊዜ እንዲሰጠው ታዘናል። እያለው የሚያጓትተውን ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዳይ ብለውታል። ሪፖርቱ ይህን ልዩነት አያውቅም፤ የሚመዘግበው ቀን ነው፣ ምክንያት አይደለም። የታመመውም፣ መብራት ጠፍቶበት ሥራ የቆመበትም፣ ሆን ብሎ የደበቀውም እኩል «90 ቀን» ተብለው ይታያሉ። ምክንያቱን የሚሰማው ሰው ነው፤ ሰው የሚሰማው ደግሞ ሄደን ስንነግረው ነው።

ስለዚህ መክፈል እንደማንችል ስናውቅ ቀኑ ሳይደርስ ቅርንጫፉ ሄደን በጽሑፍ እናመልክት፤ የመክፈያ ጊዜው ዋጋ ሳይጨመር እንዲሸጋሸግ እንጠይቅ። የከፈልንበትን ደረሰኝ ሁሉ እናስቀምጥ። መረጃው በስህተት ተመዝግቦ ከሆነ እንዲታረም መጠየቅ መብታችን ነው፤ ማስረጃችን ያ ደረሰኝ ነው። ለጓደኛ ዋስ ከመሆናችን በፊትም እሱ ባይከፍል እኛ መክፈል እንችል እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የበቀራህ 282ኛው፣ የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ጀናዛ ሲቀርብላቸው ሟቹ ዕዳ እንዳለበት ይጠይቁ ነበር። የዕዳ መጻፍ ለእኛ ከባንክ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ባንክ የሚያየውን መዝገብ የምናሳምረው ፊርማችንን አማና አድርገን ስንይዝ ነው።

ወሏሁ አዕለም።