ጎጆ ውስጥ የሚፈተን ካሜራ

በመስቀል ሰሞን ጉራጌ አገር ካሜራ አንግቦ የገባ ሰው ፈተናው በር ላይ ይጠብቀዋል። ደጅ፣ ጀፎረው በሚባለው ሰፊ የመንደር መንገድ ላይ፣ ክረምቱ ገና የለቀቀው ሣር ለምልሟል፤ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል። ጎንበስ ብሎ ወደ ጎጆው ሲገባ ግን ድንገት ይጨልምበታል። የጣሪያውን ውስጥ የዘመናት ጢስ አጥቁሮታል፤ ያለው ብርሃን ወይ በበሩ የሚገባው ነው፣ ወይ ከምድጃው የሚወጣው። መሐል ምሰሶው ቆሟል፤ ዙሪያውን ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆችና የልጅ ልጆች የክትፎውን ጣባ ከበው ተቀምጠዋል፤ አባወራው ሊመርቁ እጃቸውን ዘርግተዋል። ቤቱ እንዲህ ሞልቶ የሚገኘው በዓመት አንዴ ነው። በቡታጅራ ዙሪያ ላሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ አረፋ እንዲሁ ነው። የተበላሸ ፎቶ ቢኖር "እስቲ እንደገና ተሰብሰቡ" አይባልም።

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ ፎቶ ቤት ሊከፍት ያሰበ ወጣት "የትኛውን ካሜራ ልግዛ?" ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚመለስለት የሜጋፒክስል ቁጥር ነው። እኔ ግን መልሱን ከዚያ ጨለማ ጎጆ ብጀምረው እመርጣለሁ። ደጅ በፀሐይ ስልክም ጥሩ ፎቶ ያነሳል። ለካሜራ ብር የሚወጣው ለጎጆው፣ ለሠርጉ ድንኳንና መሸት ሲል ለሚለኮሰው ደመራ ነው።

በመጀመሪያ ከዕቃው ጋር እንተዋወቅ። ዲኤስኤልአር የሚባለው ካሜራ ከሌንሱ ጀርባ በ45 ዲግሪ ያዘመመ መስታወት አለው። በሌንሱ የገባው ብርሃን መስታወቱን መትቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ባለው ፕሪዝም ይዞርና ዓይናችን ዘንድ ይደርሳል። ቁልፉን ስንጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ሹተሩ ይከፈታል፣ ብርሃኑ ምስሉን በሚቀበለው ሰንሰር ላይ ያርፋል፣ መስታወቱ ይመለሳል። ያ የምናውቀው "ቀጭ" የሚል ድምፅ የዚህ ሁሉ ሥራ ድምፅ ነው። በቀዳዳው የምናየው ስክሪን ሳይሆን ራሱ ብርሃኑ ስለሆነ ማየት ባትሪ አይበላም ማለት ይቻላል። ለዚህም ነው ካነን 90ዲ በአንድ ባትሪ በአምራቹ መለኪያ 1300 ያህል ፎቶ ሲያነሳ፣ መስታወት አልባ የሆኑት አዳዲሶቹ ትንንሽ ካሜራዎች ብዙዎቹ ከ300 እስከ 400 አካባቢ የሚቆሙት። መብራት በሚጠፋበት ቀበሌ ከጧት እስከ ማታ ሠርግ ለሚያነሳ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

"መካከለኛ" የሚባለው ደረጃ ምን እንደሆነ ከታች ተነስቶ ማየት ይቀላል። እንደ ካነን 2000ዲ እና ኒኮን ዲ3500 ያሉት ጀማሪ ካሜራዎች ፎቶ ላይ ክፉ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን የውጭ ማይክ መሰኪያ የላቸውም። ለቪዲዮ ሥራ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ካሜራው ውስጥ ያለው ማይክ የምርቃቱን ቃል ትቶ የሕፃናቱን ጩኸትና የራሱን የሌንስ ሞተር ይቀዳል። ከነሱ ከፍ ሲል የካነን 70ዲ፣ 80ዲ እና 90ዲ፣ የኒኮን ዲ7200 እና ዲ7500 መንደር ይመጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰንሰራቸው 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ፉል ፍሬሞች አሉ፤ ካነን 6ዲ እና ኒኮን ዲ750 ያገለገሉ ሆነው ሲገኙ ዋጋቸው ወደ መካከለኞቹ ይጠጋል።

የካነን መካከለኛ ሰንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በስፋት ሲሰላ ፉል ፍሬሙ ከ2 እጥፍ ተኩል በላይ ይበልጠዋል፤ የሚሰበስበውም ብርሃን በዚያው ልክ ነው። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ፉል ፍሬም ያምረዋል። ቆይ! አብሮት የሚመጣውን ሌንስ ሳያዩ መቸኮል አይገባም። ከመካከለኛ ካሜራ ጋር የሚሸጠው የተለመደው 18-55 ሌንስ ወደ 55ቱ ሲጎተት ክፍተቱ ኤፍ 5.6 ላይ ይጠብባል። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ቋሚ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ የዚህን 10 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ሁለት እጥፍ ተኩልን ከ10 እጥፍ ጋር ማስተያየት ነው እንግዲህ። ሁለቱንም መግዛት ለማይችል ሰው ገንዘቡ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ሌንሱ ነው።

50 ሚሊ ሜትሩ ለፊት ፎቶ ግሩም ነው፤ በካነን መካከለኛ ሰንሰር ላይ ግን በ1.6 ተባዝቶ እንደ 80 ያያል። ጎጆ ውስጥ አባወራውን፣ ምሰሶውንና የተቀመጠውን ቤተሰብ ባንድ ላይ ለማስገባት ወደ ኋላ ማፈግፈግ ያስፈልጋል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ግድግዳው ነው። ለዚያ 17 ወይም 18 ላይ የሚጀምር ሰፊ ሌንስ ይፈለጋል። ታምሮንና ሲግማ የሠሯቸው፣ ከዳር እስከ ዳር ኤፍ 2.8 የሚከፈቱት 17-50 ሌንሶች ዕድሜያቸው ቢገፋም ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። እኔ ብሆን አንድ 80ዲ፣ አንድ እንዲህ ያለ 17-50 እና አንድ ርካሹን 50 ይዤ እጀምራለሁ፤ የቀረውን ብር ለማይክ።

"ፍላሽ ለምን አይሆንም?" የሚል ይኖራል። ነጭ ኮርኒስ ባለው የብሎኬት ሳሎን ፍላሹን ወደ ላይ አዙሮ ብርሃኑን ማንጠር ይቻላል። የጎጆ ጣሪያ ግን ጥቁርና ከፍ ያለ ነው፤ የላኩለትን ብርሃን ውጦ ያስቀራል። ፊት ለፊት ከተኮሱት ደግሞ ፊት ነጥቶ፣ ጀርባው ጨልሞ፣ ቤቱ ራሱ ከፎቶው ይጠፋል። ስለዚህ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ 3200 ድረስ ከፍ አድርጎ በሩ የሚሰጠውን ብርሃን መጠቀም ይሻላል፤ ትንሽ ብናኝ ቢታይ ፎቶው ደብዝዞ ከመቅረት ይበልጣል። ሌላም ወጥመድ አለ። ካሜራ ያየውን ሁሉ አማካኝ ግራጫ አድርጎ ነው የሚለካው። ነጭ የሀበሻ ልብስ ፀሐይ ላይ ሲያይ "በዛ" ብሎ ያጨልማል፤ ጠይም ፊት ከነጠላው ሥር የሚጠፋው በዚህ ነው። ጥቁር ጎጆ ሲያይ ደግሞ በተቃራኒው ያነጣል። ይህን የምታርመው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ትንሽ ቁልፍ ነች፤ ከሜጋፒክስሉ ሁሉ ይልቅ እሷን ማወቅ እንጀራ ያበላል።

ቪዲዮ ወደ እነዚህ ካሜራዎች የገባው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ኒኮን ዲ90 ቀዳሚው ሆነ፤ ካነን 5ዲ ማርክ 2 በዚያው ዓመት ሙሉ ኤችዲ ይዞ ተከተለ። በትከሻ ይያዝ የነበረውን ትልቅ የሠርግ ካሜራ የገፋው ይህ ለውጥ ነው። ችግሩ መስታወቱ ነው። ቪዲዮ ሲቀዳ መስታወቱ ተነስቶ ስለሚቆይ በቀዳዳው ማየት አይቻልም፤ ከሥሩ ያለው ፈጣን የፎከስ መሣሪያም ሥራ ያቆማል። የኒኮን መካከለኛ ካሜራዎች እስከ ዲ7500 ድረስ በቪዲዮ ላይ ፎከስ ሲፈልጉ ወዲያና ወዲህ ይዋልላሉ። ካነን እ.ኤ.አ. በ2013 በ70ዲ አንድ መላ አመጣ፤ እያንዳንዱን ፒክስል ለሁለት ከፍሎ ሁለቱን ግማሾች እያስተያየ ፎከሱ ወደ የት እንደሳተ ወዲያው ያውቃል። ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ ወደ ካሜራው ስትመጣ ፊቷን እየተከተለ ይሳላል። ብቻውን ለሚሠራ፣ ፎከስ የሚጎትትለት ረዳት ለሌለው የከተማችን ባለሙያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኒኮንን ያለ ማመንታት እመክር ነበር፤ ዲ7200 ሁለት የካርድ ማስገቢያ ስላለው አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል፤ 80ዲም ሆነ 90ዲ ያላቸው አንድ ብቻ ነው።

4ኬ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያታልላል። ዲ7500 በ4ኬ ሲቀዳ የሰንሰሩን መሐል ብቻ ስለሚጠቀም ሥዕሉ በተጨማሪ 1.5 ይጠብባል፤ 18 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ እንደ 40 ያያል። ከግድግዳው ጋር ተጣብቀህም አባወራውን እንጂ ቤተሰቡን አታገኝም። 90ዲ በሙሉ ስፋቱ 4ኬ ይቀዳል፤ ጥራቱ ግን ስሙ እንደሚያወራለት ስል አይደለም። 80ዲ ጭራሽ 4ኬ የለውም። የሠርጉን ቪዲዮ በፍላሽ ዲስክ ተቀብሎ በሳሎኑ ቴሌቪዥን ለሚያይ ደንበኛ ሙሉ ኤችዲ እስከ ዛሬ አላነሰውም፤ ኤዲት የሚደረግበት ኮምፒውተርም ይተነፍሳል።

የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ የአሜሪካ 60። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ካሜራ ብዙ ጊዜ ኤንቲኤስሲ በሚባለው ላይ ተስተካክሎ ይመጣል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሲቀዳበት ቪዲዮው ላይ የሚንቀሳቀስ የጥላ መስመር ይወጣል፤ ሰውም "ካሜራው ታሟል" ይላል። መድኃኒቱ ሜኑ ውስጥ ነው፤ ወደ ፓል መቀየር፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩ 1/50ኛ ሰከንድ። ከአሜሪካ የሚመጣው ሌላም ነገር አለ፤ ስም። እዚያ ሬብል ቲ7አይ የሚባለው፣ ጃፓን ኪስ ኤክስ9አይ የሚባለውና በዱባይ በኩል 800ዲ ተብሎ የሚመጣው አንድ ካሜራ ነው። "ከ800ዲው የተሻለ ሬብል አለኝ" ብሎ ዋጋ የሚያስወጣ ሻጭ ሲገጥም ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው።

ወደ ምርቃቱ ልመለስ። የጉራጌ ሽማግሌ መመረቅ ከጀመሩ ሰዓት አያዩም። ከነዚህ ካሜራዎች ብዙዎቹ ደግሞ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ቀረጻውን ራሳቸው ያቆማሉ። ምክንያቱ ቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ አውሮፓ ውስጥ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀዳ ዕቃ በቪዲዮ ካሜራነት ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይከፈልበት ስለነበር አምራቾቹ አንድ ሰከንድ አስቀርተው አመለጡ። የአውሮፓ ቀረጥ የጉራጌ ሽማግሌን ምርቃት መሐል ላይ ይቆርጣል ብሎ ማን ያስብ ነበር? ስለዚህ "አሜን" በተባለ ቁጥር፣ ሰዓቱ ሳይሞላ፣ አቁሞ እንደገና ማስጀመር ልማድ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 90ዲ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ አካሉ ብቻ 1199 ዶላር ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ያው ካሜራ ያው ዋጋ፣ በብር ግን እጥፍ ገደማ። እቁብ ደርሶት ብሩን ቋጥሮ ለተቀመጠ ወጣት አዲስ ካሜራ ያኔ ራቀ፤ ያገለገለው ዋና ገበያ ሆነ።

"ዓለም እየተወው ያለ ዕቃ ለምን እገዛለሁ?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ካነንም ኒኮንም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፊታቸውን ወደ መስታወት አልባዎቹ አዙረዋል። በ2021 መጨረሻም የካነን አለቃ ቁንጮ የሆነው የመስታወት ካሜራቸው 1ዲኤክስ ማርክ 3 የመጨረሻው እንደሚሆን ተናግረዋል። ለእኛ ግን ይህ መርዶ ብቻ አይደለም፤ የውጭ ባለሙያዎች ወደ አዲሱ ሲሻገሩ የሚሸጡት ጥሩ ጥሩ ሌንስ ገበያውን ሞልቶታል። የካነን የመስታወት ካሜራ ሌንስ ደግሞ በአንድ አስማሚ ቀለበት አማካይነት አዲሶቹ ላይ ፎከሱ ሳይጓደል ይሠራል። ዛሬ የተገዛ ሌንስ ነገ ካሜራው ሲቀየር አብሮ ይሻገራል።

ቦታን ማንሳት ለሚወድም አንድ ቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲወረድ መንገድ ላይ ያለው ጢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ 36 ትክል ድንጋዮች አሉት፤ ከነሱ 32ቱ የተቀረጸባቸው ናቸው። እኩለ ቀን ላይ በ90ዲም ቢነሱ ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹት ሰይፎች ቅርጽ ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ጧት ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐዩ ከጎን ሲመጣ፣ በጀማሪ ካሜራም ጉድጓዱ ሁሉ ጥላ ይዞ ይነሳል።

ያገለገለ ካሜራ ሊገዛ የሄደ ሰው ሻጩ ፊት ሳያፍር የሚያደርገው ነገር አለ። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ይጠይቅ፤ ኒኮን ከሆነ ቁጥሩ ፎቶው ውስጥ ራሱ ይጻፋል፣ ካነን ከሆነ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ይነበባል። የ80ዲ ሹተር ለ100,000፣ የ90ዲ ለ120,000፣ የዲ7500 ለ150,000 ተኩስ ታስቦ የተሠራ ነው። ሌንሱን ነቅሎ መስታወቱ ላይ ጭረት፣ መጋጠሚያው ላይ ዝገት ይይ። ክፍተቱን አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ያንሳ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሰንሰሩ አቧራ ይዟል፤ እሱ ይጠረጋል፣ ጭረት ግን አይጠረግም። የራሱን ካርድ ይዞ ይሂድ፤ ቪዲዮ 10 ደቂቃ ያህል ቀድቶ ካሜራው አለመጋሉን ይዳስስ፤ ማይኩን ሰክቶ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ይስማ። ከባድ ጥገና ቢመጣ ብዙ ጊዜ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነውና፤ ከወልቂጤ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከቡታጅራ 130 ገደማ።

በመጨረሻ ሻጩን ከበሩ ብርሃን ራቅ አድርጎ ከሱቁ ጓዳ፣ ከዕቃው መደርደሪያ ሥር ያስቀምጠው። መብራቱን ያስጠፋ። አይኤስኦ 3200፣ ክፍተቱ እስከ ሄደበት፣ ፎከሱ ዓይኑ ላይ። ከዚያ ፎቶውን አጉልቶ የሽፋሽፍቱን ፀጉር ይቁጠር።