ስለ ዶሮ አጠባበቅ ያሉ የተሳሳቱ አስተያየቶች

በአገራችን የባላገሩ ግቢ ያለ ዶሮ አይታሰብም። ከእንቁላሏ ሽያጭ ጨውና ጋዝ ይገዛል፤ ከመካከላችንም በዚሁ ገንዘብ ደብተርና እርሳስ የተገዛለት ብዙ ነው። ዳሩ ግን ይህን ያህል የምትጠቅመንን ዶሮ በልማድ እንጂ በዕውቀት ስንጠብቃት አንታይም።

አንዳንድ ሰው አውራ ከሌለ ዶሮ እንቁላል አትጥልም ይላል። ይህ ስሕተት ነው፤ ቄቧ ስትደርስ ያለ አውራም ትጥላለች፤ አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ነው። ሌላውም ቅርፊቱ ቡናማ የሆነው እንቁላል ከነጩ የበለጠ ኀይል ይሰጣል ብሎ ያምናል። የቅርፊቱ ቀለም ግን ከዶሮዋ ዘር የሚመጣ ነው፤ የአስኳሉም ቢጫነት ከምትመገበው ቅጠልና እህል ነው።

በእነዚህ ቢሳሳቱ ጉዳቱ ቀላል ነው። ግቢን ባዶ የሚያስቀረው ስለ ፈንግል ያለን አስተያየት ነው። ፈንግል የምንለው ብዙውን ጊዜ ሊቃውንት ኒውካስል የሚሉት በሽታ ነው፤ ስሙም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. በሽታው ከታየባት ከእንግሊዝ ከተማ የተወሰደ ነው። የመንደሩ ዶሮ በጥቂት ቀን ውስጥ ሲረግፍ «ነፋስ ያመጣው ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ለታመመችውም ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ ወይም አረቄ ይሰጣታል። ይሁን እንጂ በሽታው ቫይረስ ከሚባል ረቂቅ ተሐዋሲ የሚመጣ ስለሆነ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። መከላከያው አስቀድሞ ማስከተብ ነው። ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይዘጋጃል፤ በዓይን ጠብ የሚደረግም ዓይነት አለው። የታመመችውን ግን አያድናትም፤ ስለዚህ ክረምት ሳይገባ፣ ዶሮዎቹ ጤነኞች ሳሉ ማስከተብና ባለሙያው በሚወስነው ጊዜ ማስደገም ይገባል።

ከሁሉም የከፋው «ሳትሞት ትሸጥ» የሚለው ምክር ነው። የታመመችው ዶሮ በኩሷና በትንፋሿ በሽታውን ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ሌላ ድኻ ግቢ ታደርሳለች። ሻጩ የአንዲት ዶሮ ዋጋ ሲያተርፍ ገዢው ያሉትን ሁሉ ያጣል። አዲስ የተገዛችውንም ዶሮ ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻዋ ማቆየት ይበጃል፤ የሞተችውንም አርቆ መቅበር እንጂ ወደ ሜዳ መጣል አይገባም።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ ወላጆቻችን ስንሄድ ስኳርና ቡና መያዛችን መልካም ነው። ነገር ግን የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ የክትባቱን ቀን ጠይቀን ብንነግራቸው የበለጠ እንጠቅማቸዋለን። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራርቶ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ወጪው ይቀላል፤ ፈንግልም የሚገባበትን በር ያጣል።