«ወላጅ አምጣ» ለመልካም ወሬም ይባል



ጉዳዩ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ቤታችን ስለሚመጣው ወሬና በዓመቱ መዝጊያ ስለሚደረገው የወላጆች በዓል ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ልጆቼ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ በዚያም የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ኮሚቴ አባል ሆኜ ሳገለግል ይህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የምጽፈውም በዚህ አገልግሎት ላይ ሳለሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

እንደሚታወቀው ስለ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ወላጁ የሚደርሰው ወሬ በሁለት መንገድ ብቻ ይመጣል። አንደኛው «ወላጅ አምጣ» የሚለው ቃል ነው። ልጁ ይህን ቃል ይዞ ወደ ቤት የገባ እንደ ሆነ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ፊቱ ይናገርበታል፤ አባትና እናትም «ምን አጠፋህ?» ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ አይመጣላቸውም። ወይ መስኮት ተሰብሯል፥ ወይ ከጓደኛ ጋር ድብድብ ነበር፥ ወይ የቤት ሥራ ሳይሠራ ቀርቷል። ሁለተኛው መንገድ በየመንፈቀ ዓመቱ የሚሰጠው የውጤት ካርድ ነው። በካርዱ ላይ የየትምህርቱ ነጥብ ተዘርዝሮ ሳለ የብዙዎቻችን ዓይን ሌላውን ሁሉ ዘሎ የሚያርፈው ደረጃ በሚለው መስመር ላይ ነው። ከዚህ ወዲህ በየክፍሉ የወላጆች የቴሌግራም ቡድን ተቋቁሞ ወሬው ወዲያው በእጃችን ይገባል። ይሁን እንጂ መንገዱ ፈጠነ እንጂ የሚመጣው ወሬ ያው ነው፤ ማስታወቂያ፥ መዋጮ፥ ማስጠንቀቂያ፥ ደረጃ።

እንግዲህ ወደ በዓሉ ልምጣ። በሰኔ ወር ወላጆች ይጠራሉ፤ ሜዳው ይጠረጋል፤ ድንኳንና ወንበር ይመጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ልጆች ይዘምራሉ፥ ድራማም ያሳያሉ። በመጨረሻም ከየክፍሉ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት እየተጠሩ ይሸለማሉ። ለትጉህ ተማሪ ሽልማት መስጠት ደግ ነገር መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን እስቲ ቁጥሩን እንመልከተው። ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል በመለኪያነት የተወሰነው የተማሪ ቁጥር 50 ነው። ከ50ው 3ቱ ሲሸለሙ 47ቱ ያጨበጭባሉ። በሚቀጥለውም ዓመት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት እነዚያው ልጆች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት አንደኛ ደረጃ ማለት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ አንድ ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሌላ ሲያጨበጭብ ኖሮ ስሙን በድምፅ ማጉያ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰማ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። የዚህ ልጅ ወላጅም «ልጄ ካልተጠራ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» ብሎ ቢሮው ቢቀር አልፈርድበትም።

ይህ ዓይነት በዓል ግን ከጥንት ጀምሮ የነበረን ልማድ አይደለም። አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከየኔታ ዘንድ ሲማሩ፥ ልጁ ፊደል ቆጥሮ፥ ንባብ ለይቶ፥ ዳዊት የደገመ እንደ ሆነ ወላጆቹ ጠላ ጠምቀው፥ እንጀራ ጋግረው ጎረቤት ይጠሩ ነበር፤ ለየኔታም እንደ አቅማቸው ስጦታ ያቀርቡ ነበር። ቁርኣን ቤት የተማረ ልጅም ሲያኸትም እንዲሁ ይደገሳል። በዚህ ድግስ ላይ «ከስንት ልጆች ስንተኛ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አልነበረም። አንዱ በሁለት ዓመት፥ ሌላው በአራት ዓመት ይጨርስ ይሆናል፤ ሆኖም የጨረሰ ሁሉ የራሱ ቀን ነበረው፤ መንደሩም ይህን ወሬ ይሰማ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ከመጣ በኋላም ቢሆን፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በገና ሰሞን ለአዲስ አበባ ተማሪዎች ብርቱካንና ሹራብ ይታደል እንደ ነበር በዚያን ጊዜ ተማሪ የነበሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ያስታውሱታል። ሹራቡን ለመቀበል ተማሪ መሆን እንጂ አንደኛ መውጣት አያስፈልግም ነበር።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ኮሚቴያችን ስለ ዓመቱ መዝጊያ በዓል ሲመክር፥ ብዙ ዘመን ያስተማሩ አንዲት መምህርት ተነሥተው እንዲህ ሲሉ አሳብ አቀረቡ። «ሽልማቱ ይቅር አልልም። ነገር ግን እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ ስለ እያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር እውነተኛ መልካም ወሬ ይጻፍ፤ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ያንብቡት።» አንዳንዶቻችን ጊዜ አይበቃም ብለን ሠጋን። ስናሰላው ግን ይበቃል። ትምህርት ቤታችን 12 ክፍል አለው፤ በ50 ቢባዛ 600 ልጅ ነው። በየጠዋቱ የ10 ልጆች ወሬ ቢነበብ በ60 የትምህርት ቀን፥ ማለት በ12 ሳምንት ያልቃል። አንዱን መስመር ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ለቀኑ አምስት ደቂቃ ነው። ወጪው ወረቀት ብቻ ነው።

ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ግንቦት መጨረሻ ወሬው በየጠዋቱ ተነበበ። አንዳንዱን እንደ ሰማሁት ልጥቀስ። አንዱ «ቤቱ ከትምህርት ቤት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ዘንድሮ አንድ ቀን አልቀረም» የሚል ነበር። ሌላው «ጓደኛዋ ደብተር ባጣች ጊዜ የራሷን ከመካከል ከፍላ ሰጠቻት» ይላል። ስለ አንድ የ1ኛ ክፍል ልጅ የተነበበው ደግሞ «በመስከረም ሲመጣ ስሙን መጻፍ አይችልም ነበር፤ አሁን የአባቱን ስም ጨምሮ ይጽፋል» የሚል ነው። እነዚህ ሦስቱም ልጆች ከተሸላሚዎቹ ወገን አልነበሩም።

ሥራው ለመምህራኑ ቀላል አልነበረም። አንድ የ4ኛ ክፍል መምህር 49 መስመር ጽፈው ሲጨርሱ ስለ አንደኛው ልጅ የሚጽፉት አጡ። «ሁለት ቀን አሰብሁ፤ ስሙን ከመጥራት በቀር ስለዚህ ልጅ የማውቀው ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ» ብለው ነግረውናል። ልጁ አይረብሽም፥ አይጠይቅም፥ በፈተናም አይወድቅም፥ አይልቅምም። መምህሩ አንድ ሳምንት ከተከታተሉት በኋላ፥ ልጁ በየቀኑ ደወል ሲደወል እግሩን የሚያመው የክፍል ጓደኛው ቀስ ብሎ እስኪመጣ በር ላይ እንደሚጠብቀውና ቦርሳውን ይዞለት እንደሚሄድ አዩ። ያንንም ጻፉ። ይህ መስመር በተነበበበት ጠዋት ሰልፉ ሁሉ ዞር ብሎ ልጁን አየው፤ እርሱ ግን አቀርቅሮ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ርእሰ መምህርቷ በዚያው ሰሞን የዚህን ልጅ አባት አስጠሩ። አባትየው በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ዘበኛ ናቸው። ሌሊቱን ሲጠብቁ አድረው በማግሥቱ ጠዋት ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ፤ እኔም በኮሚቴ ጉዳይ እዚያው ቢሮ ውስጥ ነበርሁ። ሳይቀመጡ በፊት «እመቤቴ፥ ምን አጠፋ? የሰበረው ነገር ካለ ከደመወዜ እከፍላለሁ» አሉ። ርእሰ መምህርቷም «የለም አባቴ፥ ያጠፋው ነገር የለም፤ ይቀመጡ» ብለው መስመሩን አነበቡላቸው። ሰውየው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እስቲ እንደ ገና ያንብቡልኝ» አሉ። ሁለተኛ ከተነበበላቸውም በኋላ ወረቀቱን ለምነው አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። በሰኔ በተደረገው በዓል ላይ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ፤ ልጃቸው ግን የተሸለመው ነገር አልነበረም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚቀርበውን ተቃውሞ አልዘነጋሁትም። «ሁሉ ከተመሰገነ ምስጋና ይረክሳል፤ ልጆችም መወዳደር ይተዋሉ» የሚሉ አሉ። ቁም ነገር ያለው አነጋገር ነው። የምንቃወመው ግን ውዳሴ ከንቱን እንጂ እውነተኛ ወሬን መሆን የለበትም። «ጎበዝ ልጅ ነው» የሚል መስመር ለማንም ስለሚሆን ለማንም አይሆንም፤ ኮሚቴያችንም እንዲህ ያለውን ለመምህሩ ይመልስ ነበር። የተደረገ፥ የታየ፥ ቀንና ቦታ ሊጠቀስለት የሚችል ነገር ብቻ ይጻፋል። ደረጃውም ቢሆን አልተሻረም፤ 1ኛ የወጣው 1ኛ ተብሎ ተሸልሟል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ልንረዳው ይገባናል። በየመሥሪያ ቤታችን ያለውን የግል ማኅደራችንን ብናስወጣ የምናገኘው ምንድን ነው? የቅጥር ደብዳቤ፥ የደመወዝ እድገት፥ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ፥ ምናልባትም ማስጠንቀቂያ። ባለጉዳይን ከሥራ ሰዓት ውጭ ቆይተን ያስተናገድንበት ቀን ወይም የታመመ ባልደረባችንን ሥራ ደርበን የሠራንበት ወር በማኅደሩ ውስጥ የለም። ይህ እንዴት እንደሚከብድ እያወቅን፥ ለሰባት ዓመት ሕፃን ያንኑ ዓይነት ማኅደር እንከፍትለታለን።

ስለ በዓሉ ወጪም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይልቁንም በመዋዕለ ሕፃናት «የምረቃ በዓል» እየተባለ ለጋዋን ኪራይ፥ ለፎቶግራፍ፥ ለአዳራሽ፥ አንድ ዓይነት ለሆነ የባህል ልብስ ከወላጅ ገንዘብ ይጠየቃል። መክፈል ያልቻለ ወላጅ ልጁን በዚያ ቀን «አሞታል» ብሎ ቤት ያስቀረዋል። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምግብና የደንብ ልብስ መስጠት ሲጀምር፥ ልጅ በወላጁ ድህነት ምክንያት ከጓደኞቹ ተለይቶ እንዳይታይ ረድቷል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው አንድ ዓይነት ምሳ የበሉትን ልጆች በመጨረሻው ቀን በጋዋን ኪራይ መለየት ያንን መልካም ሥራ ማፍረስ ነው። የደንብ ልብሱ ታጥቦና ተተኩሶ ከተለበሰ ለበዓልም ያምራል።

አዲስ በዓል ይፈጠር ማለቴ አይደለም፤ በዓል አላነሰንም። መስከረም 25 ቀን የዓለም የመምህራን ቀን ነው፤ የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው። የትምህርቱ ዓመት ሊፈጸም ሲል ደግሞ ሰኔ 9 ቀን የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ይከበራል። ይህ ቀን በሰኔ 1968 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ፥ በአፍሪካንስ ቋንቋ ተገደን አንማርም ብለው ሰልፍ የወጡና በጥይት የወደቁ ተማሪዎች የሚታሰቡበት ሲሆን፥ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍሪካ አገሮች ሲከበር ቆይቷል። በዚህ ቀን ትልልቅ ሰዎች ስለ ሕፃናት ንግግር ከሚያደርጉ፥ የሕፃናቱ ወሬ በወላጆቻቸው ፊት ቢነበብ ከቀኑ አሳብ ጋር ይስማማል እላለሁ።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች ልመና አቀርባለሁ። ርእሳነ መምህራን በወር አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን ለመልካም ወሬ «ወላጅ አምጣ» ይበሉ። የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፥ ሠራተኛው ለልጁ ትምህርት ቤት በዓል የግማሽ ቀን ፈቃድ ሲጠይቅ ለሠርግና ለለቅሶ እንደሚፈቅዱ ሁሉ ይፍቀዱለት። እኛ ወላጆች ደግሞ ልጃችን ማታ ሲገባ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ምን ሠራህ?» ብለን እንጠይቅ፤ የሚመልሰውንም ስልካችንን አስቀምጠን እንስማ።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ በሌሎች ትምህርት ቤቶችም ከዚህ የተሻለ ልማድ ካለ የሚያውቁ አንባብያን በዚሁ ዓምድ ቢጽፉልን ኮሚቴያችን በደስታ ይማርበታል እያልሁ አሳቤን በዚሁ እፈጽማለሁ።

አንድ የወላጆች ኮሚቴ አባል
ከአዲስ አበባ